«ለዊንዶውስ ብቻ» የተባለችው ሞደም

«ሊኑክስ ለእኛ አገር አይሆንም።» ይህን ፍርድ ያልሰማ የኮምፒውተር ወዳጅ ያለ አይመስለንም። የሚገርመው ደግሞ ፍርዱን የሚሰጡት ሊኑክስን የጠሉ ሰዎች አለመሆናቸው ነው። አብዛኞቹ አንድ ሰሞን ኡቡንቱ የጫኑ፣ መልኩን የወደዱ፣ እያቃሰተ ይነሳ የነበረው ላፕቶፓቸው ቶሎ ሲነቃ አይተው የተደሰቱ ናቸው። ከዚያ ያቺን አውራ ጣት የምታክል የዩኤስቢ ሞደም ሰኩ። መብራቷ ብልጭ አለ። ጠበቁ። ምንም የለም። ነቅለው እንደገና ሰኩ። አሁንም ምንም። በማግስቱ ላፕቶፑ ፎርማት ተደርጎ ወደ ዊንዶውስ ተመለሰ፤ ፍርዱም ያን ዕለት ተሰጠ።

እኛ ይግባኝ እንላለን። ሊኑክስ ያን ዕለት የተሸነፈው ሞደሟን ማሠራት አቅቶት አልነበረም። ማሠሪያው ነበር፤ ግን የተቀመጠው ኢንተርኔት ላይ ነው። ኢንተርኔት ደግሞ የሚገኘው ሞደሟ ስትሠራ ነው። ቁልፉን እቤት ውስጥ ረስቶ በሩን ዘግቶ የወጣ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ስለዚህ ክሱ መመሥረት ያለበት በሶፍትዌሩ ላይ ሳይሆን በዕውቀቱ አቀማመጥ ላይ ነው ባይ ነን።

«የሞደም ነገር አልፎበታል፣ አሁን ሰው ሁሉ በስልኩ ነው የሚጠቀመው» የምትሉን እንዳላችሁ እናውቃለን። እውነት አላችሁ፣ በከፊል። ነገር ግን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚሉት የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጥቂቶች ካልሆነ በቀር ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። ከዱባይ በሻንጣ የመጣው፣ ከአጎት ወደ ወንድም፣ ከወንድም ወደ እህት የተላለፈው ላፕቶፕ ብዙው እዚህ መስፈርት ላይ ይወድቃል። ማሽኑ ግን አልሞተም፤ ኪቦርዱ ይሠራል፣ ስክሪኑ ደህና ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን የቀረው የረባ ዕድል ሊኑክስ ነው። እናም ያ የድሮ ፍርድ አሁን እንደገና መነሳት ጀምሯል፤ አንዳንዴም ያቺው የድሮ ሞደም ከመሳቢያ ወጥታ ምስክር ትሆናለች።

ጠቡ የቆየ ነው። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባ ዋናው መንገድ የስልክ ሽቦ ነበር። ሞደሙ የኮምፒውተሩን ቋንቋ ወደ ድምፅ ለውጦ በመስመሩ ይልካል፣ በወዲያኛው ጫፍ ያለው መልሶ ይፈታዋል። ቢበዛ በሴኮንድ 56 ኪሎቢት፣ ያውም መስመሩ ደህና ከሆነ። (ያን የሲርሲርታና የጩኸት ቅልቅል የሰማ ሰው ዛሬም ቢሆን ሲሰማው ይለየዋል። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ስልክ ሲያነሳ የሚቋረጠውንም እንዲሁ።) ከኮምፒውተሩ ውጭ የሚቀመጡት የጥንት ሞደሞች ሥራቸውን ሁሉ ራሳቸው የሚሠሩ ስለነበሩ ከማንም ጋር ይግባባሉ። ቋንቋቸው ሄይዝ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቀው፣ እያንዳንዱ ትእዛዝ «ኤቲ» ብሎ የሚጀምርበት ቋንቋ ነበር። «ኤቲ» ማለት «ልብ በል» ማለት ነው። ለሊኑክስ ይህን ቋንቋ መናገር ቀላል ነው።

ከዚያ አምራቾቹ ዋጋ ለመቀነስ አንድ ነገር አደረጉ፤ የሞደሙን አንጎል አውጥተው ሥራውን ለኮምፒውተሩ ሰጡት። የቀረው ቺፕና ሽቦ ነው፤ ማሰቡን ዊንዶውስ ላይ የሚጫን ሶፍትዌር ያስብለታል። በዚህም ምክንያት «ዊንሞደም» የሚል ስም ወጣላቸው። በዩኤስቢ ከሚሰኩት የዳያልአፕ ሞደሞች መሀል አንጎል ያላቸው ነበሩ፤ እነሱን ሊኑክስ እንደተሰኩ ይቀበላቸዋል። አንጎል የሌላቸውም ነበሩ። ሣጥናቸው አንድ ዓይነት ነው፣ ዋጋቸውም ይቀራረባል፤ የትኛው የቱ እንደሆነ ሣጥኑ ላይ አይጻፍም። ኮኔክሳንት የሚባለው ቺፕ ላለባቸው ሊኑክሳንት የተባለ ድርጅት ድራይቨር አዘጋጅቶ ነበር፤ ነፃው ዕትም ግን ፍጥነቱ 14.4 ኪሎቢት ላይ የታሰረ ነው። ሙሉውን የፈለገ በክሬዲት ካርድ ይግዛ! አንድ የሐዋሳ ተማሪ ያኔ ክሬዲት ካርድ ከየት ያመጣል?

ቀጥሎ የመጡት የሽቦ አልባዎቹ ናቸው፤ መጀመሪያ በሲዲኤምኤ፣ ኋላ በሦስተኛው ትውልድ ኔትወርክ የሚሠሩት። ስማቸው ተቀየረ እንጂ ከውስጥ ሲታዩ ያው «ኤቲ» ብለው የሚደውሉ የድሮ ሞደሞች ናቸው፤ በጂኤስኤም መንገድ የሚሄዱት ብዙዎቹ *99# ላይ፣ በሲዲኤምኤ የሚሄዱት #777 ላይ ይደውላሉ። አንጎልም አላቸው። ታዲያ ሊኑክስ ላይ ለምን አልሠሩም?

ይሄ ነው የሚያስቀው። ሞደሟ ስትሰካ መጀመሪያ ራሷን የምታስተዋውቀው «እኔ ሲዲ ነኝ» ብላ ነው። በሆዷ የዊንዶውስ መጫኛ ሶፍትዌር ይዛለች። ዊንዶውስ ሲዲ ያገኘ መስሎት በራሱ ይከፍተዋል፣ ሶፍትዌሩ ይጫናል፣ የተጫነው ሶፍትዌር ደግሞ ዞሮ «በይ አሁን ልብስሽን ቀይሪ» ይላታል፤ ያኔ ሞደም ትሆናለች። ለተጠቃሚው ሲዲ መያዝ ቀረለት፤ ለአምራቹም ወጪ ቀነሰ። ብልሃቱ ሸጋ ነው። ሊኑክስ ግን የዋህ ነው፤ ሲዲ ነኝ ስትለው ሲዲ ናት ብሎ ያምናል። ልብስ ቀይሪ የሚላት የለም፤ እሷም ሲዲ ሆና ትቀመጣለች። ጆስዋ ዲትዘ የተባለ ፕሮግራመር «ዩኤስቢ ሞድስዊች» የሚል ትንሽ ፕሮግራም የሠራው ለዚህ ነው። ፕሮግራሙ የእያንዳንዷን ሞደም መታወቂያ ቁጥር ያውቃል፣ ስትሰካም ልብስ የሚያስቀይራትን መልእክት ይልክላታል። መልእክቱ ለብዙዎቹ ሞደሞች ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ሲዲውን አውጣ።» በቃ፣ ይኸው ነው።

በቅርቡ ጉዱማሌ ላይ የሆነውን የምንነግራችሁ ለዚሁ ነው። ጉዱማሌን ለማታውቁት፣ ሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ ያለ፣ የሲዳማ ሕዝብ ፊቼ ጫምባላላን ወጥቶ የሚያከብርበት ሜዳ ነው። በዓሉን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቦታል። በበዓሉ ቀን እግር መጣያ አይገኝም፤ በሌላው ቀን ደግሞ ደብተር ይዞ ጥላ ለሚፈልግ ሰው የሚሆን ቦታ አያጣም። እኛም ላፕቶፕ ይዘን የምንቀመጠው ለጥላው ብለን ነው።

አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ መጣች። ላፕቶፗ የእህቷ የነበረ፣ ራሙ አራት ጊጋ፣ ዊንዶውስ 11 የማይቀበለው ነው። የዶርም ጓደኛዋ ዴቢያን በቀጭኑ ጭናላታለች፤ ማሽኑ እንዳይከብደው ትርፍ ነገር ሳታበዛ። ሞደሟ ከወንድሟ መሳቢያ የወጣች ናት። ስልክ የላትም ማለት አይደለም፤ ስልኳ ቻርጅ የሚያደርገው በልመና ነው፣ ክረምት ደግሞ አለታ ወንዶ ቤተሰቦቿ ጋር ስትሄድ የምትተማመነው በዚህች ሞደም ነው። ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት ወደ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ወስዳት ነበር። ሰውየው ገልበጥ አድርጎ አየና «እህቴ፣ ይቺ ለዊንዶውስ ብቻ ናት። ከፈለግሽ ዊንዶውስ ልጫንልሽ» አላት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ የሚያውቀውን ነው የነገራት።

ሰካናት። ስክሪኑ ላይ የሲዲ ምስል ወጣ። ስንከፍተው በሆዱ ለዊንዶውስ የተዘጋጀ መጫኛ አለ። የሱቁ ሰውዬ ያየው ይህንኑ ነው፤ ከዚህ ተነስቶ «ለዊንዶውስ ብቻ» ቢል አይፈረድበትም። ኡቡንቱንና ሚንትን የመሳሰሉት ዛሬ ሞድስዊችን ይዘው ነው የሚመጡት፤ በቀጭኑ የተጫነ ዴቢያን ግን ላይይዘው ይችላል፤ የእሷም አልያዘም። ከመሀላችን አንዱ ስልኩን በኬብል ከላፕቶፗ ጋር አገናኘ። ሊኑክስ ስልኩን ያለ አንዳች ጥያቄ እንደ ኔትወርክ መስመር ተቀበለው፤ ፓኬጁም ጥገኛዎቹን አስከትሎ ብዙም ሳይቆይ ወረደ። ሞደሟን ነቅለን መልሰን ስንሰካ ሲዲው ብልጭ ብሎ ጠፋ፤ ሞደም ሆና ተመለሰች።

የኔትወርክ ማስተካከያው ላይ የሚሞላው ነገር ጥቂት ነው፤ ዋናው ኤፒኤን የሚሉት የመግቢያ ስም ነው። በኢትዮ ቴሌኮም ሲም የተጠቀመ ሁሉ እዚያ ቦታ «ኢቲሲ ነጥብ ኮም» ብሎ መጻፉን ያስታውሳል። በነገራችን ላይ፣ ኢቲሲ ማለት በኅዳር 2003 ዓ.ም. በኢትዮ ቴሌኮም የተተካው የቀድሞው የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የእንግሊዝኛ ምኅጻር ነው። መሥሪያ ቤቱ ስሙን ቀይሮ ከሄደ በኋላ አሮጌው ስም በየሞደሙ ውስጥ በር ጠባቂ ሆኖ ቀረ።

ዋናው ነገር ግን ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ልጅቷ «አሁን ስልክ የሚያበድረኝ ሰው ባይኖርስ?» ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነበር። የጫነውን ፓኬጅ አጥፍተን ሞደሟን እንደገና ሰካናት። የሲዲው ምስል ወጣ። በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ነካንና «አውጣ» የሚለውን መረጥን። የሞደሟ መብራት ቀለሙን ለወጠ፤ ጥቂት ቆይቶ ከነስሟ የኔትወርክ ዝርዝሩ ውስጥ ገባች። ኢንተርኔት አላስፈለገም፣ ፓኬጅ አላስፈለገም፣ ስልክ አላስፈለገም። ሁሉም ሞደም በዚህ አይታዘዝም፤ አንዳንዶቹ የራሳቸውን የተለየ መልእክት ካልሰሙ ንቅንቅ አይሉም። የእሷ ግን ታዘዘች። ከወንድሟ መሳቢያ እስከ ጉዱማሌ ድረስ ስትጎድል የኖረችው ነገር አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች።

እንግዲህ ይህችን ዓረፍተ ነገር በስንት ሰው አባዙት። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ይቺኑ ሞደም ይዞ የተቀመጠ ሰው አጠገቡ ስልኩን በኬብል የሚያገናኝለት አልነበረም። ወደ ኢንተርኔት ካፌ ይሄዳል፤ በሰዓት ሒሳብ እየተቆጠረበት መልሱን ይፈልጋል፤ መልሱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ሦስት ፓኬጅ አውርድ ይለዋል፤ በፍላሽ ይዞ እቤት ሲደርስ አራተኛ ጎደለ ይባላል። ተመልሶ ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን ያ ሰው ዊንዶውስ ቢጭን ማን ይፈርድበታል? ኡቡንቱ ለጠየቀ ሁሉ ሲዲ በፖስታ በነፃ ይልክ በነበረበት ዘመን (እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ ልኳል) ሲዲው የፖስታ ሣጥናችን ድረስ ይመጣል፤ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን አብራው አትመጣም ነበር።

«ታዲያ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ክራክ የተደረገውን ዊንዶውስ ጭኖ በአምስት ደቂቃ መገላገል አይሻልም?» ለሚለው ክርክር ክብር አለን፤ ጊዜ ገንዘብ ነው፣ ተማሪ ደግሞ ሁለቱም የሉትም። ግን ሒሳቡ እስከ መጨረሻው ይሠላ። ሞደሟን በአምስት ደቂቃ የሚያስነሳው የዊንዶውስ «በራስህ ክፈት» የሚለው ባሕርይ፣ በየኅትመት ቤቱና በየካፌው ፎልደሮቻችንን ሲደብቅና ሾርትከት ሲያደርግ ለነበረው የፍላሽ ቫይረስም በር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ የተነሳው ኮንፊከር የተባለው ትል ከተዛመተባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ በዊንዶውስ 7 ለፍላሽ ዘጋው፤ በ2011 ደግሞ ለእነ ኤክስፒ መዝጊያውን በዝማኔ ላከ። ያ ዝማኔ ታዲያ ዝማኔን አጥፍቶ የሚኖረው ክራክ ዊንዶውስ ጋ እንዴት ይደርሳል? የመመረቂያ ጽሑፉን ኅትመት ቤት በር ላይ የተነጠቀ ሰው ያቺን አምስት ደቂቃ በስንት እንደከፈላት ያውቃል።

በሌላ በኩል የሊኑክስ ወዳጆችንም ዝም ብለን አናልፍም። «መመሪያውን አንብብ» የሚል ትዕቢት አለብን። አዲስ ሰው ሲጠይቅ የምንመልስለት ጥቁር ስክሪን ከፍተን፣ በፍጥነት ጽፈን፣ «በቃ ሠራ» ብለን ነው። የሠራው ሞደም እንጂ ሰው አልሠራም። ያ ሰው ከሳምንት በኋላ ሌላ ሞደም ሲሰካ ያው ነው። በትእዛዝ መደወል ግዴታ ሲሆን እንኳ ተጠቃሚው «ዳያልአውት» የሚባለው ቡድን ውስጥ መግባት እንዳለበት ብዙዎቻችን እናደርገዋለን እንጂ አንናገረውም።

የፊቼን ቀን የሚለዩት አያንቶዎች ናቸው፤ የከዋክብትን አካሄድ አይተው፣ ቆጥረው ነው የሚያውጁት። ዕውቀቱ በሰዎቹ ውስጥ ስላለ መስመር ቢቋረጥ ፊቼ አይቀርም። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲዘጋ ወደ ሦስት ሳምንት የቆየው ለእኛ እንዴት እንደነበር የምታስታውሱት ነው፤ ማንኛውንም ነገር «ፈልገህ አግኘው» ብሎ ለለመደ ሰው አንዲት የድራይቨር ጥያቄ እንኳ መልስ አጣች። የእኛ ዕውቀት ከመስመሩ ወዲያ ማዶ ነውና።

ስለዚህ የምንለው ይህን ነው። በየሠፈሩ አንድ ሰው የዴቢያንን የመጀመሪያ ዲቪዲ በፍላሽ ይያዝ፤ ሞድስዊችና መሰሎቹ ከኢንተርኔት ውጭ የሚጫኑት ከዚያ ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሙሉውን የሶፍትዌር ማከማቻ ግቢያቸው ውስጥ ገልብጠው፣ ከግቢ ውጭ ላለ ሰውም በፍላሽ የሚቀዳበት ቀን ቢመድቡ ወጪው የአንድ ሃርድዲስክ ያህል ነው። ሻጮች ሣጥኑ ላይ «ከሊኑክስ ጋር ይሠራል» ወይም «አይሠራም» ብለው ይጻፉ፤ ገዢም ሳይጠይቅ አይግዛ። ዛሬ ሞደም የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ራሷን እንደ ኔትወርክ ካርድ የምታስተዋውቀውን ዓይነት ፈልጉ፤ እሷ ድራይቨር አትጠይቅም፣ ማስተካከያዋም በብራውዘር ይከፈታል። የድሮዋን ከመጣላችሁ በፊት ግን «አውጣ» የሚለውን ሞክሩ።

እኛ ለጊዜው ግማሽ ገጽ ወረቀት በአማርኛ ጽፈናል፤ ሲዲው ሲወጣ ምን እንደሚደረግ፣ ኤፒኤን የት እንደሚሞላ፣ የትኛው ቁጥር ለየትኛው ሞደም እንደሚደወል። አንዱን ቅጂ «ለዊንዶውስ ብቻ» ላሉት ሰውዬ ወሰድንላቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡትና ከመሳቢያቸው ሦስት የተመለሱ ሞደሞች አወጡ። ሁለቱ ሠሩ። ወረቀቱ አሁን መስታወታቸው ላይ፣ ከቻርጀሮቹ ዋጋ ሥር ተለጥፏል።